እምቦጭን ለምትከታተል ትንሽ ሳተላይት መከለያው ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምንማር የፊዚክስና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ሥራችን በጣና ሐይቅ ላይ ያለውን የእምቦጭ ስርጭት የምትከታተል፣ መጠኗ 10 በ10 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነች ኩብሳት (በመደበኛ መጠን የምትሠራ ትንሽ ሳተላይት) እየነደፍን ነው። ምህዋሯ 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በዋልታዎች በኩል የሚያልፍ ነው። የራጅ ክፍል ግድግዳ በእርሳስ እንደሚሸፈን ስለምናውቅ ካሜራውንና ኮምፒውተሩን በእርሳስ ላሜራ ልንጠቀልል አስበናል፤ ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል? ደግሞስ ጣና ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ጨረራው እዚህ ቀላል ነው የሚባለው እውነት ነው?

ምላሽ፦ የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስ፤ እርሳሱን ተዉት። ለምህዋራችሁ የሚበቃው የሳተላይቷ የአሉሚኒየም ቅርፊት፣ የውስጥ ሳጥኖቹና ሰሌዳዎቹ ተደምረው የሚሰጡት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የአሉሚኒየም ውፍረት ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር የሚያዋጣው በአንድ ወይም በሁለት የተመረጡ ቺፖች ላይ ብቻ ነው። ይህን መከለያ ሰንጥቆ ካለፈው ቅንጣት መሣሪያውን የሚጠብቁት የቺፕ ምርጫችሁ፣ የሰርኩቱ አሠራር፣ የፕሮግራሙ ጥንቃቄና የትኛውን ክፍል የት ላይ እንደምታጠፉ የምትወስኑት ውሳኔ ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን አዎም አይደለምም የሚባልበት ነው። ከጣና በላይ ያለው ሰማይ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ካላቸው ቅንጣቶች አንጻር በምድር ዙሪያ ካሉት ጸጥተኛ ስፍራዎች አንዱ መሆኑ እውነት ነው፤ ሳተላይታችሁ ግን እዚያ የምትቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው።

ከዚሁ ከሁለተኛው ብጀምር የቀረው ይቀልላል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከውጭ የሚመጣን ቅንጣት አጥፎ የሚመልሰው ቅንጣቱ የመስኩን መስመሮች አቋርጦ ለመግባት ሲገደድ ነው። የመግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ሲሆን ባሕር ዳርም ከእሱ ብዙ አትርቅም። በዚህ አካባቢ የመስኩ መስመሮች ለመሬቱ አግድም ስለሚሆኑ ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ፕሮቶን ሁሉንም ማቋረጥ ግድ ይለዋል፤ ስለዚህም ጉልበቱ 10 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት (ኤሌክትሮንቮልት የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው፤ ጊጋ ቢሊዮን፣ ሜጋ ሚሊዮን) ያልደረሰ ፕሮቶን ከውጭው ሕዋ በቀጥታ ወደ ጣና አናት መውረድ አይችልም። በዋልታዎቹ ዘንድ ግን መስመሮቹ ወደ መሬት ቀጥ ብለው ስለሚወርዱ ቅንጣቱ መስመሩን ተከትሎ ያለ ችግር ይገባል፤ ፀሐይ በምትቆጣበት ጊዜ የምትረጫቸው ፕሮቶኖች ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያለችን ሳተላይት የሚያገኟትም በዋናነት እዚያ ነው።

ለእናንተ ከሁሉም የሚከፋው ስፍራ ግን ደቡብ አትላንቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኤክስፕሎረር 1 ላይ ከተጫነው የጄምስ ቫን አለን የጨረራ መቁጠሪያ ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ ምድር በመግነጢሷ ውስጥ ተይዘው በሚመላለሱ ቅንጣቶች ቀበቶዎች ተከብባለች። በውስጠኛው ቀበቶ ያሉት ፕሮቶኖች ጉልበታቸው ከአሥሮች እስከ መቶዎች ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ይደርሳል። የመግነጢሱ ማዕከል ከምድር ማዕከል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ፓሲፊክ በኩል የተዛነፈ ስለሆነ፣ በተቃራኒው ወገን፣ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ በሚዘልቀው ሰማይ ላይ፣ መስኩ ይደክምና ቀበቶው ወደ ታች ዝቅ ይላል። በቀን 15 ጊዜ ያህል ምድርን የምትዞረው ሳተላይታችሁ ከእነዚህ ዙሮች በበርካታዎቹ ይህን ስፍራ ማቋረጧ አይቀርም። በአንጻሩ ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሳተላይቷ ሥር ያለው ነጥብ በመሬት ላይ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ሐይቁን አቋርጣችሁ የምታልፉት በ12 ሰከንድ ነው። በእነዚያ 12 ሰከንዶች ውስጥ የጸጥታው ሰማይ የሚያተርፍላችሁ ነገር የለም፤ ጉዳቱ የሚጠራቀመው ሌላ ቦታ ነውና።

ይህን በካሜራ ዓይን ያሳየ ጥሩ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ በመጠቀችው ቴራ የተባለች የመሬት ምልከታ ሳተላይት ላይ ኤም.አይ.ኤስ.አር. የተሰኘ ባለ ዘጠኝ ካሜራ መሣሪያ ተጭኗል። በ2000 መጀመሪያ የካሜራዎቹ ሽፋን ገና ሳይከፈት በጨለማ ምስል እንዲወስዱ ተደረገ። ብርሃን በማይገባበት በዚያ ጨለማ ውስጥ የታዩት ነጥቦች በዓለም ካርታ ላይ ሲቀመጡ የደቡብ አትላንቲክን ደካማ ስፍራ ቁልጭ አድርገው ሠሩ፤ ነጥቦቹ የፕሮቶን ምቶች ነበሩ።

ለእናንተ ሥራ ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ከምቶቹ ብዙዎቹ በሚቀጥለው ምስል ላይ አይገኙም፤ ጥቂቶቹ ግን በካሜራው ሲሊከን ላይ ጠባሳ ጥለው ያልፋሉ። ጠባሳ ያለበት ፒክስል ብርሃን ባይኖርም የሚያበራ ትኩስ ፒክስል ይሆናል፤ ካሜራውም ይህንን ይዞ ወደ ጣና ይመጣል። እምቦጭ እንደማንኛውም ለምለም ቅጠል በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ደምቆ ይታያል፤ ውሃ ደግሞ በዚያው ብርሃን ጥቁር ነው። ስለዚህ በውሃው ጥቁረት ላይ የወደቀ አንድ ትኩስ ፒክስል ለብቻው የተንሳፈፈ ትንሽ የእምቦጭ ቁራጭ መስሎ ይወጣል፤ ፕሮግራማችሁም በዚያ ቀን አረም የሌለበትን ስፍራ አረም አለበት ብሎ ይመዘግባል። ከአንድ ዓመት በላይ የሚሠራ የክትትል መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ትኩስ ፒክስሎቹ እየበዙ ስለሚሄዱ፣ አረሙ ባይስፋፋም እየተስፋፋ የሚመስል ሐሰተኛ ዝንባሌ በመረጃው ውስጥ ይገባል። ሳተላይቷ ብትሞት ወዲያው ታውቃላችሁ፤ ይህ ግን ማንም ሳያስተውለው ወደ ሪፖርት ሊገባ ይችላል። እኔ ብሆን ከሁሉም አብልጬ የምጨነቀው ለዚህኛው ነው።

በነገራችን ላይ የምህዋር ምርጫው ራሱ መከላከያ ሊሆን ይችላል። ቤፖሳክስ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1996 ከወገብ 4 ዲግሪ ብቻ ባዘነበለ ምህዋር ላይ የተቀመጠችው የቅንጣቱ ረብሻ አነስተኛ እንዲሆን ጭምር ነው። ጣና ከሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ግራ ቀኝ ስለሚገኝ ወደ 15 ዲግሪ ያዘነበለ ምህዋር ሐይቁን በየቀኑ ደጋግሞ ሊያሳያችሁ፣ ዋልታዎቹን ጨርሶ ሊያስቀርላችሁና የደቡብ አትላንቲኩን ስፍራ ሰሜናዊ ዳር ብቻ ሊያስነካችሁ ይችላል። ችግሩ ሁለት ነው። ለትንንሽ ሳተላይቶች በጋራ የሚሸጠው የማምጠቂያ ቦታ በብዛት የሚገኘው ወደ ዋልታ ምህዋር በሚሄዱ ሮኬቶች ላይ ነው፤ በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ዝንባሌም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ የፀሐይ ማዕዘን ምስል ማንሳት አይቻልም። ቢሆንም በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ ሁለቱን ማወዳደር ይገባችኋል።

ወደ መከለያው ስንመለስ፣ ምን ከምን እንደምንከልል መለየት አለብን፤ ጨረራ በመሣሪያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለምና። የመጀመሪያው ድምር ጉዳት ነው። ቅንጣቶች በትራንዚስተሩ ውስጥ ባለው የኦክሳይድ ሽፋን ሲያልፉ እዚያው ተይዞ የሚቀር ሙል ይተዋሉ፤ የተያዘው ሙል በበዛ ቁጥር ትራንዚስተሩ የሚበራበት ቮልቴጅ ይዛነፋል፣ ጠፍቶም ሳለ ከረንት ማሾለክ ይጀምራል። ዘጌ ዳር የደንገል ታንኳ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ታንኳው አንድ ቀን ውሃ ላይ ስለዋለ አይሰጥምም፣ ነገር ግን ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያቆሙትም ከጠጣው ከፊሉን ይመልሳል፤ የታሰረው ሙልም እንዲሁ በጊዜና በሙቀት ከፊሉ ይለቃል፣ ከፊሉ ይቀራል። የሚለካው በራድ ሲሆን 100 ራድ አንድ ግሬይ ነው። በእናንተ ምህዋር ከ2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ጀርባ ያለ ቺፕ በአብዛኛው በዓመት አንድ ኪሎ ራድ አካባቢ ያገኛል፤ ከገበያ የሚገዛ ተራ ቺፕ ደግሞ በብዛት ከ5 እስከ 20 ኪሎ ራድ ይችላል። ለሁለት ዓመት ተልዕኮ እንግዲህ በዚህ በኩል ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉዳት ፕሮቶኑ የሲሊከኑን አቶም ከተደረደረበት ቦታ ሲያፈናቅለው የሚመጣ ነው። ከላይ ያነሣሁት ትኩስ ፒክስል የዚህ ውጤት ነው፤ የፀሐይ ሰሌዳ ኃይል እየቀነሰ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ 1336 ኪሎ ሜትር ከፍታ በመጠቀችው ቶፔክስ ፖሲዶን የተባለች ሳተላይት ላይ የተበላሹት ኦፕቶካፕለሮችም (በሰርኩት ውስጥ ምልክትን በብርሃን የሚያሻግሩ ክፍሎች) የወደቁት በዚህ ዓይነት ጉዳት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጠንቃቃ ነዳፊ በሰርኩቱ ውስጥ ኦፕቶካፕለር ሲያይ ደጋግሞ ይጠይቃል። ሦስተኛው የአንድ ቅንጣት ጉዳት ነው። አንዲት ቅንጣት ብቻዋን በሜሞሪ ውስጥ ዜሮን አንድ ልታደርግ፣ ወይም በቺፑ ውስጥ ከኃይል ምንጩ ወደ ግራውንድ የሚወስድ የማይዘጋ መንገድ ልትከፍት ትችላለች። ይህ የመጨረሻው ላች አፕ የሚባለው ሲሆን በሴኮንድ ክፍልፋይ ካልተቋረጠ ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል።

አሁን የውፍረቱን ነገር በቁጥር እንየው። አንድ ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ያለው ኤሌክትሮን በአሉሚኒየም ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። 10 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ያለው ፕሮቶን ከ0.6 ሚሊ ሜትር ብዙ አያልፍም። 50 ያለውን ለማቆም ግን 11 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ 100 ያለውን ለማቆም ደግሞ 37 ሚሊ ሜትር። በሌላ አነጋገር ጉልበቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚፈለገው ውፍረት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ በደቡብ አትላንቲክ የሚያጋጥሟችሁ ፕሮቶኖች ደግሞ ከ100 በላይም የሚሄዱ ናቸው። የሳተላይታችሁ ስድስቱም ገጽ ሲደመር 0.14 ካሬ ሜትር ነው። ይህን በአንድ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ለመሸፈን 380 ግራም ገደማ ይፈጃል፤ በ10 ሚሊ ሜትር ለመሸፈን 3.8 ኪሎ ግራም፤ በአንድ ሚሊ ሜትር እርሳስ ለመሸፈን ደግሞ 1.6 ኪሎ ግራም። የዚህ መጠን ኩብሳት ለረጅም ጊዜ የተፈቀደላት ጠቅላላ ክብደት 4 ኪሎ ግራም እንደነበረ ስታስቡ፣ 10 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም የለበሰች ሳተላይት መከለያዋን ብቻ ይዛ ትወጣለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከቻይና ታይዩዋን የመጠቀችውና 70 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ብትሆን ኖሮ ሁለት ኪሎ ተጨማሪ አያስጨንቃትም ነበር፤ የእናንተ ሒሳብ ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ግን እጅግ ይጠቅማሉ። ኤሌክትሮኖቹንና ደካማ ፕሮቶኖቹን ጠርገው ስለሚያስቀሩ ድምር ጉዳቱ በፍጥነት ይወርዳል። ከ3 ሚሊ ሜትር በኋላ ግን የጉዳቱ መስመር ይጋደማል፤ ብትጨምሩበትም ጥቂት ነው የምታተርፉት።

እርሳስ ለራጅ ክፍል የሚመረጥበት ምክንያት ራጅ ብርሃን ስለሆነ ነው። በአቶማቸው ብዙ ኤሌክትሮን የሚይዙ ከባድ ንጥረ ነገሮች የራጅ ፎቶንን ውጠው ያስቀራሉ። ሙል ያለው ቅንጣት ግን የሚቆመው በመንገዱ ካገኛቸው ኤሌክትሮኖች ጋር ጥቂት በጥቂት ጉልበቱን እየተካፈለ ነው፤ በእኩል ክብደት ሲታይ ደግሞ ቀላል ንጥረ ነገር ከከባዱ የበለጠ ያቆመዋል። ከዚህ የባሰው ነገር ፈጣን ኤሌክትሮን በእርሳስ አቶም አጠገብ ድንገት ሲታጠፍ ራሱ ራጅ የሚወልድ መሆኑ ነው፤ በዚህም ከለላ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ላሜራ አዲስ የጨረራ ምንጭ ይሆናል። ኤሌክትሮን በሚበዛባቸው ምህዋሮች የሚሠሩ ነዳፊዎች ለዚህ ሲሉ ከውጭ በኩል አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ደግሞ እንደ ታንታለም ያለ ከባድ ብረት በስሱ ይደርባሉ፤ የመጀመሪያው ኤሌክትሮኑን ያደክማል፣ ሁለተኛው የተወለደውን ራጅ ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ጁፒተር የተላከችው ጁኖም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቿን ግድግዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የታይታኒየም ሳጥን ውስጥ የያዘችው የጁፒተር የኤሌክትሮን ቀበቶ ከምድር ጋር ስለማይወዳደር ነው። ይህ ሁሉ ለ500 ኪሎ ሜትር አያስፈልግም።

መከለያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዕቃዎቹ ራሳቸው መከለያ መሆናቸው ነው። ቅንጣቱ ከየትኛውም አቅጣጫ ስለሚመጣ ቺፑን መሐል ላይ አስቀምጣችሁ በየአቅጣጫው ስንት ግራም ቁስ እንደሚያገኝ መቁጠር አለባችሁ። ባትሪው ከባድ ነው፤ በካሜራው ሰሌዳ ጀርባ ቢሆን በነጻ የተገኘ መከለያ ነው። የካሜራው ቺፕ ፊቱ በሌንስ ሲጠበቅ ጀርባው በአንድ ስስ የሰርኩት ሰሌዳ ብቻ የሚቀርባቸውን ንድፎች ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እዚያ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም መለጠፍ ከመላው ሳተላይት ዙሪያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከመጨመር ይበልጣል፤ ክብደቱም ጥቂት ግራም ነው።

ካሜራ ከሌላው መሣሪያ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ ለማየት ሲባል አንድ በኩል ክፍት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሰማራው የቻንድራ ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ካሜራ በዙሪያው በቂ መከለያ ነበረው። ቴሌስኮፑ በጨረራ ቀበቶ ውስጥ ሲያልፍ ግን 100 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ያላቸው፣ ስስ ላሜራ እንኳን የሚያስቀራቸው ደካማ ፕሮቶኖች፣ ኤክስሬይን ለማንጸባረቅ በተሠሩት መስታወቶች ላይ እየተንሸራተቱ ከፊት ለፊት ገቡና ከካሜራው ቺፖች አብዛኞቹን ጎዱ። መፍትሔው ብረት አልነበረም። በቀበቶው ውስጥ በሚያልፉበት ሰዓት ሁሉ ካሜራውን ከመስታወቱ ትኩረት ዞር ማድረግ ጀመሩ፤ ጉዳቱም በእጅጉ ቀነሰ። የእናንተ ካሜራ ሌንስ ስላለው መስታወቱ ራሱ እንዲህ ያሉትን ደካማ ፕሮቶኖች ያስቀራል፤ ግን ተራ የኦፕቲክ መስታወት በጨረራ እየቆየ ቡናማ ስለሚሆን፣ ቢያንስ የፊተኛውን ሌንስ ሴሪየም ከተቀላቀለበት መስታወት ወይም ከንጹሕ የሲሊካ መስታወት ብታደርጉት ይመረጣል።

መከለያው የማያስቀረው ምንድን ነው ከተባለ፣ ኃይለኞቹ ፕሮቶኖችና ከጋላክሲው የሚመጡት ከባድ ኒውክለሶች ናቸው። የብረት ኒውክለስ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ሲመጣ የሳተላይታችሁን ቅርፊት እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ስለዚህ ከእነዚህ ጋር የሚደረገው ግብግብ ሰርኩት ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ አስፈላጊ ቺፕ በኃይል መስመሩ ላይ ከረንቱ ከተለመደው ሲያልፍ ወዲያው የሚቆርጥና ቆይቶ መልሶ የሚያበራ ገደብ ጠባቂ አድርጉለት፤ ላች አፕ ያጋጠመው ቺፕ ኃይሉ በጊዜ ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ገደቡን ለመላው ሳተላይት በአንድነት ማድረግ ግን አይበቃም፤ የአንድ ትንሽ ቺፕ ትርፍ ከረንት በጠቅላላው ውስጥ ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችላል። የኃይል ትራንዚስተሮችን ከተጻፈላቸው ቮልቴጅ በግማሽ አካባቢ አሠሩ። የመነሻ ፕሮግራሙን ሦስት ቅጂ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ይያዝ፤ ቢቻል በኤፍራም ሜሞሪ ላይ ይሁን፤ የዚህ ሜሞሪ ሕዋሶች መረጃ የሚይዙት በሙል ክምችት ስላልሆነ በቅንጣት ምት በቀላሉ አይገለበጡም። በሥራ ላይ ያለው ሜሞሪ ስሕተት የሚያርም ኮድ ይኑረው፤ ግን ኮዱ የሚያርመው ሲነበብ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ያልተነበበ ስፍራ ሁለት ስሕተት ሊያጠራቅም ይችላልና በየጊዜው ሁሉንም እያነበበ የሚያድስ ትንሽ ፕሮግራም ጨምሩ። ዋናው ኮምፒውተር ሲደነዝዝ የሚያስነሳው ዎችዶግ ታይመር ከኮምፒውተሩ ውጭ በሌላ ቺፕ ላይ መሆን አለበት።

የአሠራር ጥንቃቄው ደግሞ ምንም ክብደት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀው የሃብል ቴሌስኮፕ በደቡብ አትላንቲክ ሲያልፍ ምልከታውን ያቋርጣል። እናንተም በካርታው ላይ ሳጥን ሥላችሁ በውስጡ ስትሆኑ ካሜራውን አጥፉ፣ ፍላሽ ሜሞሪ ላይ አትጻፉ፣ አዲስ ፕሮግራም አትጫኑ። መጥፋቱ የአቶም መፈናቀሉን አያስቀርም፤ ላች አፕን ግን ፈጽሞ ያስቀራል፣ ድምር ጉዳቱንም በአብዛኞቹ ቺፖች ላይ ይቀንሳል። ለትኩስ ፒክስሎቹ ሁለት ነገር ይበጃል። አንደኛው ቅዝቃዜ ነው፤ የሲሊከን የጨለማ ከረንት (ብርሃን ሳይኖር የሚፈሰው) በየ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በግማሽ ስለሚወርድ የካሜራውን ሰሌዳ ሙቀቱን ወደ ሕዋ ከሚለቅ ገጽ ጋር አገናኙት። ሁለተኛው የጨለማ ምስል ነው፤ በሌሊት በኩል፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ መብራት በማይታይበት የሕንድ ውቅያኖስ ላይ በየሳምንቱ ጥቂት ምስሎች አንሡ፤ በእነሱ ላይ ያበራ ፒክስል ሁሉ በጣና ምስል ላይ እንዳይቆጠር ይመዝገብ። የሃብል ካሜራዎች በየወሩ ገደማ ቺፖቻቸውን በማሞቅ ከአዲሶቹ ትኩስ ፒክስሎች ብዙዎቹን ያድናሉ፤ ትንሽ ማሞቂያ ካላችሁ ይህንንም መሞከር ይቻላል።

ስለ ሙል መከማቸት አጭር ነገር ልበል። በዋልታ በኩል ስታልፉ የአውሮራ (የዋልታ ሰማይ ብርሃን) ኤሌክትሮኖች በውጭው ገጽ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ከግራውንድ ጋር ያልተገናኘ የሙቀት መሸፈኛ ወይም ብረት ካለ ብልጭታ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ኃይሏ ተቋርጦ የጠፋችው የጃፓኗ ሚዶሪ 2 የምርመራ ውጤት ወደዚህ ያመለከተ ነው። መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ሰበብ አይኖራችሁም፤ እያንዳንዱ ብረትና ፎይል ከግራውንድ ጋር ይታሰር።

ከጨረራ ጋር እየተደባለቀ የሚነገር ሌላ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ከመጠቁት 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች 38ቱ የወደቁት በፀሐይ ማዕበል የሞቀው አየር ስላጎተታቸው እንጂ ቅንጣት ስለመታቸው አይደለም። እንዲሁም ከጣና በላይ ያለው ሰማይ ለቅንጣት ጸጥተኛ ቢሆንም ለሬዲዮ ጸጥተኛ አይደለም፤ በመግነጢስ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአዮኖስፌር (ሙል ባላቸው ቅንጣቶች በተሞላው የላይኛው አየር) ውስጥ የሚነሡት የፕላዝማ አረፋዎች የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክትንና የሳተላይት ግንኙነትን ያዋዥቃሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ የዚህ ዓይነት ጥናት ስፍራ ነውና የምድር ጣቢያችሁን የምሽት ግንኙነት ስታቅዱ እዚያ ያሉትን ሰዎች አማክሩ። መከለያው ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ለሒሳቡ ስፔንቪስ የተባለውን የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት መሣሪያ ተመዝግባችሁ በነጻ መጠቀም ትችላላችሁ። ምህዋሩንና የተልዕኮውን ዘመን ስታስገቡ ከየውፍረቱ ጀርባ ያለውን ድምር መጠን ያወጣላችኋል፤ በፀሐይ ዑደት የትኛው ዓመት እንደምትመጥቁም አስገቡ፤ ዑደቱ 11 ዓመት ገደማ ስለሆነ ልዩነት ያመጣል። የወጣውን ቁጥር በሁለት አባዙትና ቺፑ ያንን እንዲችል ጠይቁ። የቺፖቹን ችሎታ ለመፈተን ጋማ ጨረር የሚያወጣው ኮባልት 60 ለድምር ጉዳት፣ የፕሮቶን ማፋጠኛ ደግሞ ለተቀሩት ሁለት ጉዳቶች ያገለግላሉ፤ አንዱ የሌላውን አይተካም። በኮባልት ሲፈተን አንድ ወጥመድ አለ፤ አንዳንድ ባይፖላር ቺፖች ያው መጠን በዝግታ ሲሰጣቸው በፍጥነት ከሚሰጣቸው ይልቅ ይጎዳሉ፤ ሕዋ ደግሞ የሚሰጠው በዝግታ ነው። ፈተና የማድረግ አቅም ከሌላችሁ፣ ለተማሪ ንድፍም ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ምህዋር ቀድመው የበረሩና ውጤታቸው የታተመ ቺፖችን ምረጡ፤ ይህም ሲባል ቁጥራቸው አንድ የሆነ ብቻ ሳይሆን የምርት ትውልዳቸውም ያው የሆነ፤ አምራቹ የቺፑን ስም ሳይቀይር የውስጥ አሠራሩን ሊቀይር ይችላልና።

በንድፋችሁ ላይ ለእርሳስ የያዛችሁትን ክብደት ለሦስት ነገር አከፋፍሉት፤ ከካሜራው ቺፕ ጀርባ ለሚለጠፍ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ የከረንት ገደብ ጠባቂ፣ የቀረው ደግሞ ለካሜራው ማቀዝቀዣ ገጽ። ከዚያ በኋላ የካሜራውን ቺፕ ሙሉ የምርት ቁጥርና የሰሌዳዎቹን አቀማመጥ ንድፍ ከላካችሁልኝ በየአቅጣጫው ያለውን ውፍረት አብረን እንቆጥራለን።